የባኮ በቆሎ እና የቦርጭ ክኒን፦ የሁለት መንገዶች ታሪክ

ባኮ በሁለት ነገር ትታወቃለች፤ በበቆሎና በበርበሬ። ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ አምቦን፣ ጉደርን፣ ጌዶንና ኢጃጂን አልፎ፣ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ የምዕራብ ሸዋ ከተማ ናት። በየክልሉ ገበሬው "ቢኤች" እያለ የሚጠራው የበቆሎ ዘር ስሙን ያገኘው ከዚህችው ከተማ ነው። "ቢ" ባኮ፣ "ኤች" ደግሞ ሃይብሪድ፣ ማለትም ዲቃላ ማለት ነው። በበርበሬውም በኩል "ባኮ ሎካል" የተባለው ዝርያ ከ"ማረቆ ፋና" ጋር እ.ኤ.አ. በ1976 ለገበሬው ተለቋል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሌላ ካልተባለ በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ይኸው አምቦን አቋርጦ የሚያልፈው መንገድ ዛሬ ሌላ ሸቀጥም ይጓዝበታል። "የምግብ ፍላጎት የሚዘጋ"፣ "ሜታቦሊዝም የሚያፋጥን"፣ "ቦርጭ በሁለት ሳምንት የሚያጠፋ"፣ "100% ናቹራል" የሚሉ የካፕሱልና የሻይ ማስታወቂያዎች በየቴሌግራሙና በየቲክቶኩ ይለጠፋሉ። ከሥር ስልክ ቁጥር አለ፤ ከስልክ ቁጥሩ ቀጥሎ ደግሞ "ወደ ክልል እንልካለን" የሚል መስመር። ገዢው ሻጩን አያየውም፤ ሻጩም ገዢው ስኳር ይኑርበት፣ ደም ግፊት ይኑርበት፣ ነፍሰ ጡር ትሁን አይጠይቅም።

እነዚህ ምርቶች በጥቅሉ "ሰፕልመንት" ወይም "የምግብ ማሟያ" ይባላሉ። ቃሉ ልብ ሊባል ይገባዋል። ማሟያ የጎደለን ነገር የሚሞላ ነው። የምግብ ፍላጎትን የሚዘጋ ካፕሱል ግን የሚሞላው ነገር የለውም፤ ሥራው መቀነስ ነው። አንድ ስም ለሁለት ተቃራኒ ሥራ መዋሉ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። ባለፉት ዘጠና ዓመታት ሁለት መንገዶች ጎን ለጎን ሲሄዱ ኖረዋል። አንዱ በምግብ ውስጥ የጎደለውን ለይቶ፣ ለክቶ ለመሙላት የተለፋበት መንገድ ነው። ሌላው የሰውን የምግብ ፍላጎት በመድኃኒት ለመዝጋት የተሞከረበት ነው። የመጀመሪያው መንገድ ባኮ ደርሷል። ሁለተኛው ደግሞ አሁን በስልካችን ውስጥ ነው።

◆ ሁለቱ መንገዶች በአንድ ዓመት

እ.ኤ.አ. በ1933 ሁለት የሕክምና ጽሑፎች ታተሙ። የመጀመሪያው የዶክተር ሲሲሊ ዊልያምስ ነው። ዛሬ ጋና በምትባለው በያኔዋ ጎልድ ኮስት ይሠሩ የነበሩት እኚህ ሐኪም፣ ጡት ከጣሉ በኋላ በበቆሎ ገንፎ ብቻ የሚያድጉ ሕፃናት እግራቸው እያበጠ፣ ቆዳቸው እየተላጠ፣ ፀጉራቸው እየገረጣ እንደሚሞቱ አስተዋሉ። ሕፃናቱ ሆዳቸው ባዶ አልነበረም፤ በልተዋል። የጎደላቸው በምግቡ ውስጥ ያለ አንድ ነገር ነበር። በሽታው በኋላ በአካባቢው ቋንቋ በሚጠራበት ስም "ክዋሺዮርኮር" ተባለ። የሕክምናው ዓለም "ጠግቦ መራብ" እንዳለ የተረዳው እንዲህ ካሉ ምልከታዎች ነው።

ሁለተኛው ጽሑፍ የወጣው ከአሜሪካ፣ ከስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በፈረንሳይ የጥይትና የፈንጂ ፋብሪካዎች ውስጥ ይሠሩ የነበሩ ሰዎች ያለ ምክንያት ሲከሱ፣ ሲያልባቸውና ሰውነታቸው ሲግል ታይተው ነበር፤ የሞቱም ነበሩ። ምክንያቱ ለፈንጂ መሥሪያ የሚውል ዳይናይትሮፌኖል የተባለ ኬሚካል ነው። የስታንፎርዶቹ ተመራማሪዎች ዊንዘር ከቲንግና ሞሪስ ቴይንተር ይህንኑ ኬሚካል ክብደት ለመቀነስ ሰጥተው ውጤቱን በ1933 አሳተሙ።

ኬሚካሉ በእርግጥ ያከሳል። የሚያከሳበት መንገድ ግን የሚያስፈራ ነው። ሰውነት ምግብን አቃጥሎ ወደ ጉልበት የሚቀይርበትን ሂደት፣ ዛሬ ሁሉም አፍ ላይ ያለውን "ሜታቦሊዝም"፣ ከሥራው ይነጥለዋል። መኪና ማርሽ ሳይገባለት ነዳጅ ሲሰጠው ሞተሩ እየጮኸ እንደሚግለው ሁሉ፣ ሰውነትም ያለውን ስብ እያነደደ ጉልበት ሳያገኝ ይግላል። መጠኑ ትንሽ ካለፈ ሰውየው በራሱ ሙቀት ይሞታል። ማርከሻ የለውም።

በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ቢያንስ 100,000 ሰው እንደወሰደው ቴይንተር ራሳቸው ገመቱ። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ይሸጥ ነበር። ከዚያ በወጣት ሴቶች ዓይን ላይ የሞራ ግርዶሽ መታየት ጀመረ፤ ሞትም ተከተለ። በ1938 አሜሪካ አዲስ የምግብና የመድኃኒት ሕግ ስታወጣ ኬሚካሉ ለሰው የማይሆን ተብሎ ከገበያ ወጣ። ይሁን እንጂ ጨርሶ አልጠፋም፤ በኢንተርኔት እየተገዛ በዚህ ክፍለ ዘመንም በእንግሊዝና በሌሎች አገሮች ወጣቶችን ገድሏል።

የክብደት መቀነሻ ታሪክ መልክ ይኼው ነው። አንድ ነገር ይገኛል፤ "ሜታቦሊዝም ያፋጥናል" ተብሎ ይወደሳል፤ ብዙ ሰው ይወስደዋል፤ ጉዳቱ ከዓመታት በኋላ ይታያል፤ ይታገዳል። ከዚያ ስሙን ቀይሮ ይመለሳል።

◆ ከዘር ጓዳ የወጣ ማሟያ

ዶክተር ዊልያምስ ያዩትን ጉድለት ለመሙላት ሠላሳ ዓመት ፈጀ። በቆሎ ፕሮቲን አለው፤ ነገር ግን ፕሮቲኑ ሰውነት ራሱ ሊሠራቸው የማይችላቸው ሁለት ንጥረ ነገሮች፣ ላይሲንና ትሪፕቶፋን፣ ያንሱታል። ቤት ለመሥራት ጭቃውም ጭዱም ተሟልቶ ምሰሶ እንደ ማነስ ነው፤ የቀረው ቢትረፈረፍም ቤቱ አይቆምም። በ1963 በአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ኤድዊን ሜርትዝና ኦሊቨር ኔልሰን አንድ የበቆሎ ዓይነት እነዚህን ሁለቱን ከመደበኛው በቆሎ በእጥፍ ገደማ አብልጦ እንደያዘ አገኙ። ግኝታቸውን በ1964 አሳተሙ።

ዓለም ደስ አለው። ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። አዲሱ በቆሎ ፍሬው ለስላሳና ዱቄታም ነው፤ ነቀዝ ይወደዋል፤ ምርቱም ያንሳል። ገበሬ እንዲህ ያለውን ዘር ምን ብሎ ይዘራል? ብዙ ተመራማሪ ተስፋ ቆርጦ ወጣ። በሜክሲኮ የሚገኘው ዓለም አቀፉ የበቆሎና የስንዴ ምርምር ማዕከል ውስጥ ግን ሁለት ሰዎች ቀሩ። ሕንዳዊው የዘር አዳቃይ ሱሪንደር ቫሳልና ሜክሲኳዊቷ የኬሚስትሪ ባለሙያ ኢቫንጀሊና ቪሌጋስ ናቸው። እርሳቸው ያዳቅላሉ፤ እርሷ እያንዳንዱን ፍሬ በላቦራቶሪ ይለካሉ። ይህን እየደጋገሙ ፍሬው ጠንካራ፣ ምርቱም ከመደበኛው የማያንስ፣ ፕሮቲኑ ግን የተሟላ በቆሎ አወጡ። በ2000 የዓለም የምግብ ሽልማትን በጋራ ተሸለሙ።

ይህ ታሪክ ኢትዮጵያ ሲደርስ የተቀበለው የባኮ ምርምር ነው። የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት በ1966 ሲቋቋም ባኮ ከቀደምት ጣቢያዎቹ አንዱ ነበረ። ለበቆሎ ተስማሚ የሆነው አየሩ ከተማዋን የአገሪቱ የበቆሎ ምርምር ማዕከል አደረጋት። ቢኤች 140 በ1988፣ ቢኤች 660 በ1993፣ ቢኤች 540 በ1995 ተለቀቁ። በተለይ ቢኤች 660 በኢትዮጵያ ታሪክ በስፋት ከተዘሩት ዲቃላዎች አንዱ ሆነ። እነዚህ ዝርያዎች ያመጡት ለውጥ የብዛት ነበር፤ ጎተራ ሞሉ።

ቀጥሎ የመጣው የጥራት ጥያቄ ነው። በ1990ዎቹ ከሜክሲኮው ማዕከል የመጡ ባለ ሙሉ ፕሮቲን የበቆሎ ዘሮች በኢትዮጵያ አፈር ተፈተኑ። በ2001 "ቢኤችኪውፒ 542" የተባለው ዲቃላ ጸደቀ፤ የወጣለት የኦሮምኛ ስም "ገቢሳ" ነው። በ2008 ደግሞ ቢጫው "ቢኤችኪውፒዋይ 545" ተከተለው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መታየት አለበት። ይህ በትክክለኛ ትርጉሙ የምግብ ማሟያ ነው። የጎደለው ነገር ስም አለው፤ መጠኑ ተለክቷል፤ ማን እንደጎደለበት ይታወቃል። በካፕሱል አልታሸገም፤ ልጆች በየቀኑ በሚበሉት ቂጣና ገንፎ ውስጥ ገብቷል። የገበሬ ሚስት ለልጇ ልዩ መድኃኒት መግዛት አያስፈልጋትም፤ የምትገዛው ዘር ነው።

ድክመቱንም ባለሙያዎቹ አልደበቁም። ላይሲን በዓይን አይታይም፤ ገበሬው ገቢሳን ከሌላው በቆሎ በመልኩ አይለየውም፤ ገበያም ለማይታይ ነገር ዋጋ አይጨምርም። የአጎራባች ማሳ መደበኛ በቆሎ ብናኙ በነፋስ መጥቶ ከዳቀለው ጥራቱ ይሳሳል። ስለዚህ ዘሩ እንደታሰበው አገር አላለበሰም። በቆሎ ብቻውን ወተት፣ እንቁላል፣ ባቄላና ጎመን አይሆንም። ይህንንም የተናገሩት የዘሩ ባለቤቶች ራሳቸው ናቸው።

◆ በሌላው መንገድ

በቆሎው በዚህ ፍጥነት ሲጓዝ ሌላው መንገድ በሩጫ ነበር። ሜርትዝና ኔልሰን ግኝታቸውን ባሳተሙ ማግስት፣ በ1965፣ አሚኖሬክስ የተባለ የምግብ ፍላጎት መዝጊያ ክኒን በስዊዘርላንድ፣ በኦስትሪያና በምዕራብ ጀርመን ለሽያጭ ቀረበ። ብዙም ሳይቆይ የስዊዘርላንድ ሐኪሞች አንድ እንግዳ ነገር አዩ። ከልብ ወደ ሳንባ በሚሄደው የደም ሥር ውስጥ ግፊት የሚጨምርበት፣ ቀድሞ እምብዛም የማይታየው በሽታ በብዙ እጥፍ ጨመረ። ክኒኑ በ1968 ከገበያ ወጣ፤ የታመሙት ሰዎች ሳንባ ግን አልተመለሰም።

በ1997 ፌንፍሉራሚን የተባለው መድኃኒት የልብ በር ያበላሻል ተብሎ ተነሳ። በ2004 አሜሪካ ኤፌድራ ከተባለው ተክል የሚሠሩ "የተፈጥሮ" ማሟያዎችን አገደች፤ ልብ ያስመታሉ፣ ሰው ገድለዋል ተብለው ነው። በ2010 ሲቡትራሚን ወጣ፤ ወደ 10,000 በሚጠጉ ሰዎች ላይ በተደረገ ረጅም ጥናት ድንገተኛ የልብ ሕመምን (ሃርት አታክ) እና የስትሮክን አደጋ እንደሚጨምር ታይቶ ነበር።

ለዛሬው የኢትዮጵያ ገዢ ትልቁ ትምህርት የመጨረሻው ነው። ሲቡትራሚን ከፋርማሲ ከወጣ በኋላ አልጠፋም። የአሜሪካ ተቆጣጣሪዎች "ዕፅዋት ብቻ" የሚል ጽሑፍ የተለጠፈባቸውን የማክሻ ካፕሱሎችና ሻዮች ደጋግመው ሲመረምሩ ይህንኑ የታገደ መድኃኒት በውስጣቸው ተደብቆ አግኝተውታል። "ናቹራል" የተባለው ሻይ በእርግጥ የሚያከሳ ከሆነ፣ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ በውስጡ ምን ተጨምሮበታል የሚለው ነው።

◆ በርበሬው ካፕሱል ሲገባ

የባኮ ሁለተኛ ስም በርበሬ ነው። ይህም ተክል የራሱ ጉዞ አለው። በርበሬ የተገኘው በአሜሪካ ምድር ነው፤ ስለዚህ ኮሎምበስ በ1492 ባሕር ከመሻገሩ በፊት በኢትዮጵያ ወጥ ውስጥ ሊኖር አይችልም ነበር። ከእርሱ በፊት አያቶቻችን የሚያቃጥለውን ጣዕም የሚያገኙት ከዝንጅብል፣ ከኮረሪማ፣ ከቁንዶ በርበሬና ከጥምዝ ነው። ዘግይቶ የመጣው እንግዳ ግን ባለቤት ሆነ፤ ዛሬ ያለ በርበሬ ወጥ ማሰብ ይከብዳል።

በኢትዮጵያ ቤት የበርበሬ ሥራ የታወቀ ነው። ሆድ ይከፍታል። ታሞ የተነሣ ሰው አፉ ሲመረው "እስቲ ቃሪያ ቢጤ"፣ "እስቲ ዳጣ ነገር" ይባላል፤ እንጀራ እንዲበላ ነው። በባሕር ማዶ ገበያ ግን ይኸው ተክል በካፕሱል ታሽጎ የምግብ ፍላጎት መዝጊያና የስብ ማቃጠያ ተብሎ ይሸጣል። አንዱ ተክል እዚህ ሆድ ከፋች፣ እዚያ ሆድ ዘጊ ነው።

ሳይንሱ ምን ይላል? የሚያቃጥለው ንጥረ ነገር ካፕሳይሲን ይባላል። በ1912 አሜሪካዊው ፋርማሲስት ዊልበር ስኮቪል የማቃጠሉን መጠን የሚለካበትን ዘዴ አወጡ። በ1997 ደግሞ የዴቪድ ጁሊየስ ቡድን ካፕሳይሲን በነርቮቻችን ላይ የሚያርፍበትን በር አገኘ። ያ በር ትክክለኛ ሙቀትን የምናውቅበት ነው። በርበሬ ሲበላ አፍ አይቃጠልም፤ ነርቭ ግን "ተቃጠልሁ" ብሎ ይናገራል፤ ሰውነትም ያልበዋል። ለዚህ ግኝት ጁሊየስ በ2021 የኖቤል ሽልማትን ከአርደም ፓታፑቲያን ጋር ተካፍለዋል።

ስለዚህ "በርበሬ ሰውነትን ያሞቃል" መባሉ ውሸት አይደለም። ጉዳዩ መጠኑ ላይ ነው። በዚህ ላይ የተደረጉ ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ የሚገኘው ጭማሪ በቀን 50 ካሎሪ ገደማ ነው። ይህ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ማለት ነው። አንድ ሰው ከሚጠጣው ሻይ ላይ ስኳሩን ቢተው ካፕሱሉ የሚሰጠውን አገኘ ማለት ነው፤ ገንዘቡም በኪሱ ይቀራል። የማስታወቂያው ብልሃት እዚህ ላይ ነው፤ እውነት የሆነችውን ትንሽ ነገር ይይዝና ሃያ እጥፍ አድርጎ ይሸጣል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ እንደሚባለው ነው፤ ልዩነቱ እዚህ ላሟ መኖሯ፣ ግን የምትታለበው ለአንድ ስኒ የማይበቃ መሆኑ ነው።

◆ "የሀገር ነው፣ አይጎዳም"

ሻጮች ሌላም ክርክር አላቸው። "አብሽ ነው፣ ዝንጅብል ነው፣ ጥቁር አዝሙድ ነው፤ አያቶቻችን ሲጠቀሙበት ኖረዋል" ይላሉ። አያቶች የተጠቀሙበት እውነት ነው። እንዴት እንደተጠቀሙበት ግን አብሮ መነገር አለበት።

አብሽ በእኛ ቤት የአራስና የከሳ ሰው ነው፤ ሰውነት ይመልሳል ተብሎ ይጠጣል። በውጭ አገር ካፕሱል ግን የምግብ ፍላጎት ይቀንሳል፣ ስኳር ያወርዳል ተብሎ ይሸጣል። በውስጡ ያለው ውኃ ሲነካው የሚያብጥና የሚለጠልጥ አሰር ከሆድ የሚወጣውን ምግብ እንደሚያዘገይና የደም ስኳርን በመጠኑ እንደሚቀንስ ይታወቃል። ችግሩም የሚመጣው ከዚሁ ነው። የስኳር መድኃኒት እየወሰደ ያለ ሰው ላዩ ላይ የተከማቸ የአብሽ ካፕሱል ቢጨምርበት ስኳሩ ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል። ደም ማቅጠኛ ለሚወስድ ሰውም እንዲሁ ለሐኪም ሳይነግር የሚጨምረው ነገር አይደለም። የባሰው ደግሞ "በተፈጥሮ ዳንሁ" ብሎ የሐኪሙን መድኃኒት የሚያቆመው ነው።

አያቶች ተክልን በጭፍን አላመኑም። ለዚህ ምስክሩ ኮሶ ነው። ኮሶ የኢትዮጵያ መድኃኒት ነበረ፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጀምስ ብሩስ ለአውሮፓ አስተዋውቆት፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ሳይቀር ገብቷል። ነገር ግን ኮሶ የሚጠጣበት ቀን ይቆረጥ ነበር፤ መጠኑ ይሰፈር ነበር፤ ነፍሰ ጡር አትጠጣም ነበር፤ ጠጪው በዚያ ቀን ከሥራ ይቀር ነበር። ምክንያቱም ኮሶ ሲበዛ እንደሚገድልና ዓይን እንደሚያጠፋ ያውቃሉ። ባህላዊው እውቀት ተክሉ ብቻ አልነበረም፤ ልኩም፣ ፍርሃቱም አብሮ ነው። ዛሬ በካፕሱል የሚሸጥልን ተክሉን ወስዶ ፍርሃቱን ጥሎ ነው።

ጫትም ሌላው ምስክር ነው። ጫት የምግብ ፍላጎት እንደሚዘጋ ለኢትዮጵያዊ መንገር አያስፈልግም። በ1930 ከቅጠሉ የተለየው ካቲን የተባለ ንጥረ ነገር በኋላ በአንዳንድ የአውሮፓ አገሮች የማክሻ መድኃኒት ሆኖ ተሸጧል። በ1975 ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት ላቦራቶሪ ከትኩስ ቅጠሉ ካቲኖንን ለየ፤ ዛሬ ሁለቱም በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ናቸው። ከቅጠል መምጣቱ ቀላል አላደረገውም።

◆ "በኤፍዲኤ የተመዘገበ"

ከማስታወቂያዎቹ ሁሉ የሚያሳስተው "ከአሜሪካ የመጣ፣ በኤፍዲኤ የጸደቀ" የሚለው ነው። አሜሪካ በ1994 ያወጣችው የምግብ ማሟያ ሕግ እነዚህን ምርቶች ከመድኃኒት ለይቶ ከምግብ ወገን አስቀመጣቸው። በዚህ ሕግ መሠረት አምራቹ ካፕሱሉን ለገበያ ከማቅረቡ በፊት እንደሚሠራና እንደማይጎዳ ለመንግሥት የማስረዳት ግዴታ የለበትም። ተቆጣጣሪው የሚገባው ጉዳት ከታየ በኋላ ነው፤ ኤፌድራን ለማገድ አሥር ዓመት የፈጀውም ስለዚህ ነው። ስለዚህ "በኤፍዲኤ የጸደቀ ሰፕልመንት" የሚባል ነገር የለም።

በኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) የእነዚህን ምርቶች ቁጥጥር ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሰጥቷል፤ የሚያሳስት ማስታወቂያንም ይከለክላል። ሕጉ አለ። ነገር ግን ሕጉ ሲጻፍ የታሰበው ሱቅ፣ መጋዘንና አድራሻ ያለው ነጋዴ ነው። አድራሻው የቴሌግራም ስም ብቻ የሆነ፣ ገንዘቡን በስልክ ተቀብሎ ዕቃውን በሕዝብ ማመላለሻ የሚልክ ሻጭ ከዚህ ዓይን ውጪ ነው።

◆ ጉዳዩ መዘባበት አይደለም

ይህን ሁሉ አንብቦ "ክብደት መቀነስ የሀብታም ቅብጠት ነው" ማለት ስህተት ይሆናል። በ2016 የተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 38 በመቶው ቁመታቸው ከዕድሜያቸው በታች እንደቀረ አሳይቷል። ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 22 በመቶው ከልክ በላይ ቀጭን ነበሩ። በዚያው ጥናት 8 በመቶው ሴቶች ከልክ ያለፈ ክብደት ነበራቸው፤ በ2000 ይህ ቁጥር 3 በመቶ ነበር። ረሃብና ውፍረት በአንድ አገር፣ አንዳንዴም በአንድ ቤት ይኖራሉ። ስኳርና ደም ግፊት የከተማው ብቻ አይደሉም።

እውነተኛ ሕክምናም አለ። ሴማግሉታይድ የተባለው መርፌ በ2017 ለስኳር፣ በ2021 ለክብደት በአሜሪካ ተፈቅዷል፤ በብዙ ሺህ ሰዎች ላይ ተፈትኖ የምግብ ፍላጎትን እንደሚቀንስ ታይቷል። ይህም ጎጂ ጎን አለው፤ ዋጋውም ውድ ነው፤ የሚታዘዘውም በሐኪም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 ሐሰተኛው በተለያዩ አገሮች እንደተገኘ አስጠንቅቋል። ትክክለኛው መድኃኒት ስም ባገኘ ቁጥር አስመሳዩም አብሮ ይበዛል።

ስለዚህ ክርክሩ ሰው መክሳት ይገባዋል ወይስ አይገባውም የሚል አይደለም። ክርክሩ ስለ መንገዱ ነው። የባኮው መንገድ አራት ነገር ይጠይቃል፦ የጎደለው ወይም የተረፈው ምንድን ነው? ማን ለካው? በማን ላይ ተፈተነ? ድክመቱስ ምንድን ነው? ከዊልያምስ ሕፃናት እስከ ገቢሳ 68 ዓመት የፈጀው እነዚህን ጥያቄዎች በቅደም ተከተል ለመመለስ ነው። የካፕሱሉ መንገድ ከአራቱ አንዱንም አይመልስም፤ የሚመልሰው ዋጋውንና መላኪያውን ብቻ ነው።

የባኮ ገበሬ የበቆሎ ዘር ሲገዛ ከረጢቱን አገላብጦ ያያል። የታሸገ ነው ወይ? ምልክቱ ላይ ያለው ዓመት የዘንድሮ ነው ወይ? ከማን ነው የመጣው? እንዲህ የሚጠነቀቀው ሐሰተኛ ዘር አንድ ክረምት እንደሚያስከፍለው ስለሚያውቅ ነው። ክረምት ግን በዓመቱ ተመልሶ ይመጣል። ካፕሱል የሚገዛው ሰው በገበያ ላይ ያዋለው ልቡን፣ ጉበቱንና ኩላሊቱን ነው፤ እነዚህ ደግሞ ከርሞ አይዘሩም።